ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ ምሽት በቪዲዮ ደወለችልኝ። ላፕቶፗን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታለች፤ ከጠረጴዛው ማዶ አባቷ ከሥራ ገብቶ እራቱን ይበላል። መምህሯ የሰጠቻቸው የቤት ሥራ እንዲህ ይላል፦ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በሕግ መፈቀዱን ደግፋችሁ ወይም ተቃውማችሁ አሳማኝ ጽሑፍ ጻፉ፤ አንባቢያችሁ በሐሳባችሁ የማይስማማ ሰው እንደሆነ ቁጠሩ።

«እስቲ መግቢያውን አንብቢልኝ» አልኳት።

«ፍቅር ፍቅር ነው። ይህን የሚቃወም ሰው በጥላቻ የታወረ ነው።»

አባቷ ሊጎርስ ያነሳውን እንጀራ ወደ ሳህኑ መለሰ። «እና እኔ በጥላቻ የታወርኩ ነኝ፣ እማዬ?» አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የምሩን ነው የጠየቃት።

«አንተን አላልኩም አባዬ።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

መልስ አላገኘችም። በማግስቱ ሌላ ረቂቅ ላከችልኝ። አሁን ወገን ቀይራለች፤ ይሄኛው ይቀላል ብላ ነው። መግቢያው እግዚአብሔር ጋብቻን ለወንድና ለሴት ብቻ እንደሠራ፣ ስለዚህም ሕጉ ስህተት እንደሆነ ይናገራል። አባቷ ደስ ይለዋል። መምህሯ ግን «ይህን እምነት የማይጋራ ሰውስ?» ብላ ብትጠይቃት ረቂቁ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር የለውም።

ሁለቱ ረቂቆች በአቋም ሰማይና ምድር ናቸው፤ በሽታቸው ግን አንድ ነው። የመጀመሪያው የሚያስጨበጭበው የክፍል ጓደኞቿን፣ ሁለተኛው የሚያስጨበጭበው የአባቷን ማኅበርተኞች ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ሰው ሁለቱም አላናገሩትም።

በዚህ ምዕራፍ በጉዳዩ የትኛው ወገን እንደሚያዋጣ አልነግራችሁም። ጉዳዩን የመረጥኩት ሌላ ነገር ስለሚያሳይ ነው። አሜሪካውያን በዚህ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ በፍርድ ቤት፣ በምርጫ ካርድ፣ በቴሌቪዥን ማስታወቂያና በየሰው ደጃፍ ተከራክረዋል፤ ማሳመን የሚባለው ሙያ የት እንደሚሠራና የት እንደሚከሽፍ እንዲህ በግልጽ የታየበት ሙግት ጥቂት ነው። (የአሜሪካኑን ነገር ሳወራ የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁርባንና ሰማንያ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። ብዙ ሙግት የሚባክነው ተሟጋቾቹ የተለያየ ጥያቄ እየመለሱ መሆናቸውን ሳያውቁ ነው።

እኛ በዚህ ነገር ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው አንድ እርምጃ እንቀድማለን፤ ቃሉ አለንና። አያቶቻችን «በቁርባን ተጋቡ» ሲሉ ሌላ፣ «በሰማንያ ተጋቡ» ሲሉ ሌላ ነገር ማለታቸው ነበር። ቁርባን በእግዚአብሔር ፊት የሚታሰርና የማይፈታ ነው፤ ሰማንያ በምስክር ፊት የሚደረግ ውል ነው፤ ንብረት ይቆጠርበታል፣ ሲፈርስም ይከፈልበታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸምን ጋብቻ ለየብቻ ጠርቶ ሦስቱንም ያውቃል።

አሜሪካ ውስጥ ለሁሉም ቃሉ አንድ ነው። ሜሪላንድ የሚጋቡ ጥንዶች መጀመሪያ ከካውንቲው ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት የጋብቻ ፈቃድ ያወጣሉ፤ ከዚያ ቄሱ ወይም ፓስተሩ ያጋቧቸውና በዚያው ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። በአንድ ፊርማ ቁርባኑም ሰማንያውም አለቀ። ስለዚህ ሁለት አሜሪካውያን «ጋብቻ» እያሉ ሲጯጯሁ፣ አንዱ ሰማንያውን ሌላው ቁርባኑን ይዞ ሊሆን ይችላል። አንዱ «ለጎረቤቴ የመንግሥት ወረቀት ቢሰጠው አንተን ምን ጎደለብህ?» ይላል፤ ሌላው «የተቀደሰውን ነገር ትርጉም ቀየራችሁብኝ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚነጋገሩት ግን ስለ ሁለት ነገር ነው።

ለልጅቷ አራት ጥያቄ በወረቀት ጽፌ አሳየኋት። ጋብቻ ምንድን ነው? መፈቀዱ ወይም መከልከሉ ማንን ይጎዳል? ሕገ መንግሥቱ ምን ያዛል? ይህን የመወሰን ሥልጣን የማን ነው? «አንዱን ምረጪ» አልኳት። «አራቱንም በአንድ ገጽ ከመለስሽ አንዱንም አልመለስሽም።»

ኢትዮጵያ ውስጥ ሙግቱ በሌላ በር ነው የሚገባው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ስለ ጋብቻ ሲናገር «ወንዶችና ሴቶች» ብሎ ነው፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ራሱን ያስቀጣል። የአሜሪካኑ ተሟጋች «ሕጉ ለሌላው የሰጠውን ለእኔም ይስጠኝ» ሲል የሚቆምበት መሬት እዚህ የለም። የእህቴ ልጅ የምትጽፈው ለሜሪላንድ መምህሯ ነው፤ ክርክሯም እዚያው መቆም አለበት። ለአንድ አገር የተጻፈ አሳማኝ ጽሑፍ ተጠቅልሎ ሌላ አገር ሲላክ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይሰበራል።

ስሙ ራሱ ይሟገታል

ልጅቷ የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «የጋብቻ እኩልነት» ብላለች፤ ሁለተኛው ላይ «ባህላዊ ጋብቻ»። ቃል የቀየረች መስሏት ነበር፤ የቀየረችው ዳኛ ነው። «እኩልነት» ያለ ሰው ነገሩ አንድ ዓይነት እንደሆነና አንዱ ያለ አግባብ እንደተከለከለ አስቀድሞ ፈርዷል። «ባህላዊ» ያለው ደግሞ ሌላው መጤ እንደሆነ ፈርዷል። ኮንግረሱም ከዚህ አላመለጠም፦ በ1996 ጋብቻ በፌዴራል ሕግ ፊት የወንድና የሴት ብቻ ነው ያለው ሕግ የተሰየመው «የጋብቻ መከላከያ» ተብሎ ነው፤ በ2022 ያንን የሻረው ሕግ ደግሞ «ጋብቻን የማክበር» ተባለ። እስቲ ማን ተነሥቶ «እኔ ጋብቻን መከላከልም ማክበርም አልፈልግም» ይላል?

በአማርኛም ያው ነው። «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ከዘፍጥረት ፍርዱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስሙ ሲጠራ ከተማዋ ተቃጥላለች። «የተመሳሳይ ጾታ» የሚለው ደረቅ መግለጫ ነው። እኔ ይህን ምዕራፍ ስጽፍ ደረቁን መርጫለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን መጽሐፉን ሳይወረውር ሊያነበው የሚችለው እሱን ነው። አሳማኝ ጸሐፊ ገና በርዕሱ አንባቢውን ማባረር አይችልም።

ካሊፎርኒያ፣ ኅዳር 2008

በ2008 ምርጫ ባራክ ኦባማ ካሊፎርኒያን በ61 በመቶ ድምፅ አሸነፉ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ካርድ ላይ፣ የካሊፎርኒያ መራጮች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚያግደውን «ፕሮፖዚሽን 8» 52 ለ48 በሆነ ድምፅ አጸደቁት። ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰዋል። ለኦባማ ድምፁን ሰጥቶ በዚያው ወረቀት ላይ የጋብቻው ደጋፊዎች የፈሩት ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ብዙ ነበር ማለት ነው።

የአጋጆቹ ወገን ዝነኛ ማስታወቂያ ቀላል ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ይዛ ትመጣለች፤ ልዑል ልዑልን ማግባት እንደሚችል፣ እሷም ልዕልት ማግባት እንደምትችል ዛሬ መማሯን ለእናቷ ትነግራታለች። የእናትየው ፊት ይለዋወጣል። ስለ ሕገ መንግሥት የተነገረ ነገር የለም። ማስታወቂያው ያነጣጠረው አንድ ሰው ላይ ነበር፦ ጎረቤቱን የማይጠላ፣ ነገር ግን «ልጄን ማን ምን ያስተምርብኛል?» ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ላይ።

የደጋፊዎቹ ወገን መልስ ስለ መብትና ስለ አድልዎ ነበር፤ ሕጉ ኢፍትሐዊ ነው፣ መብት መንጠቅ ስህተት ነው ይል ነበር። ሊጋቡ የሚፈልጉት ሰዎች ራሳቸው በማስታወቂያዎቹ ውስጥ እምብዛም አልታዩም። ወላጁ ስለ ልጁ ሲጠይቅ የመለሱለት ስለ ሕግ ነው።

ከሽንፈቱ በኋላ የመጣው ነገር ለማንኛውም ጸሐፊ ትምህርት ነው። የሎስ አንጀለስ አክቲቪስቶች በር ማንኳኳት ጀመሩ፤ ግን ደጋፊዎቻቸው ወደሚኖሩበት ሰፈር አልነበረም የሄዱት። ያሸነፏቸው ሰዎች በር ላይ ቆመው «ለምን እንዲህ መረጣችሁ?» ብለው ጠየቁ፤ አዳመጡም። በሌላ በኩል የዘመቻ አጥኚዎች መራጮችን ሁለት ነገር ጠየቁ፦ እናንተ ለምን አገባችሁ? እነሱስ ለምን ማግባት የሚፈልጉ ይመስላችኋል? ለመጀመሪያው ብዙዎች «ለፍቅርና ለቃል ኪዳን» አሉ። ለሁለተኛው ብዙዎች «ለመብትና ለጥቅማ ጥቅም» አሉ። ይህን ያስተማሯቸው ደጋፊዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ለዓመታት ስለ ጤና መድን፣ ስለ ግብርና ስለ ውርስ ብቻ ሲያወሩ ቆይተዋልና። አድማጩ ትዳርን እንደ ቃል ኪዳን ያያል፤ እነሱ እንደ ጥቅል አገልግሎት ሸጡለት።

በ1983 ሃርቫርድ የሕግ ተማሪ ሆኖ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ጉዳይ ላይ የጻፈው ኢቫን ዎልፍሰን የመራው ዘመቻ መልእክቱን ገለበጠው። ማስታወቂያዎቹ ውስጥ ለሃምሳ ዓመት በትዳር የኖሩ ሽማግሌዎች ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ስለ ልጅ ልጆቻቸው አወሩ፤ ቃል ኪዳን ከባድ ነገር እንደሆነና ሊሸከመው የመጣን ሰው መከልከል እንደማይገባ ተናገሩ። በኅዳር 2012 ሜይን፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ስቴት በሕዝብ ድምፅ ፈቀዱ፤ ሚኔሶታም ሊጣል የነበረውን እገዳ ውድቅ አደረገች። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ በቀረበበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ደጋፊዎቹ ሲሸነፉ ነበር የኖሩት። የተለወጠው መልእክቱ ብቻ አይደለም፤ ትውልድም ዘመንም ተለውጧል። መልእክቱ ግን ለውጡን የሚቀበልበት በር ከፈተ፤ በሩም አድማጩ ቤት ነበር።

አንድ ቁጥርና አንድ ወረቀት

363,053 ዶላር። ኤዲት ዊንዘር ከአርባ ዓመት በላይ አብራት የኖረችው ቴያ ስፓየር በ2009 ስትሞት የተጠየቀችው የፌዴራል የውርስ ግብር ይህ ነው። ሁለቱ በ2007 ቶሮንቶ ሄደው ተጋብተዋል። ቴያ «ቲዮ» የምትባል ወንድ ብትሆን ኖሮ ግብሩ ዜሮ ነበር። በሰኔ 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለዊንዘር ፈረደ፤ 5 ለ4።

ያ ውሳኔ በወጣ በሁለት ሳምንቱ፣ ኦሃዮ ውስጥ የሚኖሩት ጂም ኦበርገፌልና ጆን አርተር የሕክምና መሣሪያ በተገጠመለት ትንሽ አውሮፕላን ወደ ሜሪላንድ በረሩ። አርተር ኤኤልኤስ በሚባል ጡንቻን እያሰነፈ በሚገድል በሽታ ከአልጋ መነሳት አይችልም ነበር። አውሮፕላኑ በባልቲሞር ዋሽንግተን አየር ማረፊያ፣ ከእህቴ ቤት ብዙ በማይርቀው አስፋልት ላይ ቆመ። የአርተር አክስት እዚያው ውስጥ አጋቧቸውና ተመለሱ። ኦሃዮ ግን ጋብቻውን አላወቀችም። አርተር ሲሞት በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ «የትዳር ጓደኛ» የሚለው ክፍት ቦታ ባዶ እንዲቀር ነበር የስቴቱ ሕግ የሚያዘው። አገሩን የለወጠው ክስ የተጀመረው በዚያ ክፍት ቦታ ነው።

ሁለቱ ታሪኮች ለምን ይሠራሉ? ምክንያቱም መርሁን ሳይሆን ወረቀቱን ያሳያሉ። «አድልዎ» ያለ ጸሐፊ አንባቢው አምኖ እንዲቀበለው ይለምናል፤ የግብር ደረሰኝ ያሳየ ጸሐፊ ግን አንባቢው ራሱ «ይሄ እንዴት ይሆናል?» እንዲል ይተወዋል። ሰው የሌላውን ፍርድ ይጠራጠራል፤ የራሱን ግን አጥብቆ ይይዛል።

እዚህ ላይ ግን ልጅቷን አስጠነቀቅኳት። ታሪክ ችግሩን ያሳያል እንጂ መድኃኒቱን አያረጋግጥም። አስተዋይ ተቃዋሚ እንዲህ ይልሻል፦ «የዊንዘር ነገር አሳዝኖኛል። የግብር ሕጉን እናስተካክል፤ አብረው ለሚኖሩ ሁሉ የውርስ መብት እንስጥ። ለዚህ ሲባል የጋብቻን ትርጉም መቀየር ለምን ያስፈልጋል?» ከታሪኩ እስከ መደምደሚያው ድልድይ መሠራት አለበት። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ላይ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ አስለቅሶ ሲያበቃ ያሳመነ ይመስለዋል።

ባላጋራህን ከራሱ አሻሽለህ አቅርበው

ሰኔ 26 ቀን 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦበርገፌል ጉዳይ 5 ለ4 ወሰነ፤ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በሃምሳውም ስቴቶች ሕጋዊ ሆነ። ውሳኔው የሕግ ሰነድ ብቻ ሳይሆን የማሳመን ጥበብ ሁለት ናሙናዎች የተቀመጡበት ነው።

የአብላጫውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ መደምደሚያቸው ላይ ጋብቻን አላሳነሱትም። ይልቅ ከፍ አደረጉት፤ ከሳሾቹ ጋብቻን ንቀው ሳይሆን አክብረውት፣ ለራሳቸውም ተመኝተውት መምጣታቸውን ጻፉ። ይህ የተቃዋሚውን ሰይፍ በእጀታው መያዝ ነው። «ጋብቻ ታላቅ ነገር ነው» የሚለው የማን መከራከሪያ ነበር? የተቃዋሚዎቹ።

ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ የልዩነት ሐሳባቸውን የጀመሩት የከሳሾቹ ክርክር በማኅበራዊ ፖሊሲና በፍትሐዊነት በኩል ጠንካራ መሆኑን አምነው ነው። ከዚያ «ይህን የሚወስነው ግን አምስት ዳኞች ሳይሆኑ ሕዝቡ ነው» አሉ። ከአራቱ ጥያቄዎች አራተኛውን ዋና መቆሚያቸው አደረጉ። ነገሩን ከሕዝብ እጅ መንጠቅ ለውጡን ለመቀበል ይበልጥ እንደሚያስቸግርም አስጠነቀቁ። በጉዳዩ ላይ ከእሳቸው ጋር የማይስማማ አንባቢም ይህን ክርክር በንቀት ሊያልፈው አይችልም። በእርግጥ በጋላፕ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ የደጋፊው ቁጥር በ1996 ከነበረበት 27 በመቶ በ2015 ወደ 60 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከውሳኔው በኋላም ጨምሮ በ2022 71 በመቶ ሆኗል። ክርክሩ ግን አልተዘጋም፤ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ሠርግ ኬክ አልሠራም ያለው የኮሎራዶ ጋጋሪ ጉዳይ እዚያው ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ2018ም ጋጋሪው 7 ለ2 ረታ።

ልጅቷ ሁለተኛውን ረቂቅ፣ የተቃውሞውን፣ ስትጽፍ የወገኗን ምርጥ ተሟጋቾች አላነበበችም ነበር። ሸሪፍ ግርጊስ፣ ራየን አንደርሰንና የፕሪንስተኑ ፕሮፌሰር ሮበርት ጆርጅ በ2012 ያሳተሙት «ጋብቻ ምንድን ነው?» የተሰኘ መጽሐፍ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ብሎ ይሟገታል፤ ክርክሩን ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ አያቆምም። መንግሥት ስለ ጓደኝነት ሕግ አያወጣም፤ ስለ ጋብቻ የሚያወጣው ይህ ኅብረት በተፈጥሮው ልጅ ስለሚወለድበትና ልጁም ከእናትና ከአባቱ ጋር እንዲታሰር ስለሚፈለግ ነው ይላሉ። ጋብቻ ጥልቅ ስሜት ብቻ ከሆነ ለምን ሁለት ሰው ብቻ? ለምንስ ዕድሜ ልክ?

የሚታወቀው መልስ «ልጅ የማይወልዱትስ?» ነው። በ2013 የፕሮፖዚሽን 8 ክስ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲታይ ዳኛ ኤሌና ኬገን ሁለቱም ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ ወንድና ሴትን ማጋባት ይከልከል ወይ ብለው ጠይቀዋል። የመጽሐፉ ደራሲዎች ለዚህም መልስ አላቸው፦ የቤዝቦል ቡድን አንድም ጨዋታ ባያሸንፍ ቡድንነቱ አይቀርም። አንባቢ ይህ ምሳሌ በቂ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቅም አለበት። ክርክሩ እዚህ ደረጃ ሲደርስ ግን ስድብ ቦታ አጥቷል፤ ሁለቱም ወገን እያሰበ ነው። የባላጋራህን ደካማ ክርክር የምታሸንፍ ከሆነ ያሸነፍከው ገለባ ነው፤ ታዛቢውም ያውቅብሃል።

ሐሳቡን የለወጠው ምስክር

በ2010 ፕሮፖዚሽን 8 ሳን ፍራንሲስኮ ችሎት ሲቀርብ እገዳውን የደገፈው ወገን ያቀረበው ሁለት ምስክር ብቻ ነበር። አንዱ ዴቪድ ብላንከንሆርን ነው፤ ዕድሜውን ስለ አባትነትና ስለ ትዳር ሲጽፍ የኖረ ሰው። በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ ከብዶት ነበር፤ ሐሳቡን ግን እዚያ አልለወጠም። ማንም ሰው በአደባባይ ተሸንፎ ሐሳቡን አይለውጥም።

በ2012 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ መለወጡን አስታወቀ። አብዛኛው አንባቢ ያለፈው ነገር ግን ምን እንዳልለወጠ ነው። ልጅ ከወለዱት እናትና አባት ጋር ቢያድግ ይሻላል የሚለውን እምነቱን አልተወም። የለወጠው ስሌቱን ነው፦ ይህ ትግል ሰዎች ስለ ልጆችና ስለ አባትነት እንዲያስቡ አላደረገም፣ ስለዚህ ትዳርን ማጠንከር የሚፈልጉ ሁሉ በአንድ ወገን ቢሰለፉ ይሻላል አለ። የቆመበት መሠረት ሳይነካ የሄደበት መንገድ ተለወጠ።

አንድን ሰው ማሳመን ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል። ቤቱን አታፈርስበትም፤ እዚያው ቤቱ ውስጥ እስከዛሬ ያልተከፈተ መስኮት ታሳየዋለህ። ወግ አጥባቂው የሕግ ሰው ቴድ ኦልሰን በዚያው ክስ ከዴሞክራቱ ዴቪድ ቦይስ ጎን ቆሞ እገዳውን በመቃወም ሲሟገት ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ወግ አጥባቂዎችን «ወግ አጥባቂነታችሁን ተዉ» አላላቸውም። መረጋጋትንና ቤተሰብን ከወደዳችሁ ተጨማሪ ሰው ወደ ትዳር መግባቱን ልትወዱት ይገባል ነው ያለው።

የተፈበረከው ማስረጃ

በታኅሣሥ 2014 «ሳይንስ» የተባለው ታላቅ መጽሔት አንድ አስደናቂ ጥናት አወጣ። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የሚመለከተው ሰው ራሱ በር አንኳኩቶ ለሃያ ደቂቃ ያህል ቢያወራ የተቃዋሚውን ሐሳብ ለወራት እንደሚለውጥ ይናገር ነበር። ደጋፊዎች ጮቤ ረገጡ፤ ጋዜጦች አስተጋቡት።

ዴቪድ ብሩክማንና ጆሽ ካላ የተባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች ጥናቱን ወደውት ሊያስፋፉት ተነሡ። ቁጥሮቹን ሲያዩ ግን አልጥም አላቸው፤ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነበሩ። ሲከታተሉት መረጃው የተሰበሰበ ሳይሆን የተፈበረከ ሆኖ ተገኘ። መጽሔቱ በግንቦት 2015 ጽሑፉን ሰረዘው። ስህተቱን ያጋለጡት ውጤቱን የጠሉ ሰዎች አልነበሩም፤ እውነት እንዲሆን የፈለጉት ናቸው።

ሁለቱ በ2016 ባወጡት ጥናት ያንኑ ዘዴ ማያሚ ውስጥ በትክክል ሞከሩት፤ ርዕሱ ግን ጋብቻ ሳይሆን ጾታቸውን በቀየሩ ሰዎች ላይ ያለው ጥላቻ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል የፈጀ ንግግር ቢያንስ ለሦስት ወር የቆየ ለውጥ አመጣ። አንኳኪው አልሰበከም። የቤቱን ባለቤት «አንተስ ከሌላው በመለየትህ የተፈረደብህ ጊዜ ነበር?» ብሎ ጠየቀና መልሱን አዳመጠ። ሰውዬው ራሱን አሳመነ።

ለጸሐፊ እዚህ ውስጥ ሁለት ምክር አለ። ለወገንህ ከሁሉ የሚጥመውን ማስረጃ ከሁሉ ይበልጥ ጠርጥረው። ደግሞም መልስ ከመስጠትህ በፊት አንባቢህን ጠይቀው።

ሦስተኛው ረቂቅ

ልጅቷ ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደገና ደወለች። ከአራቱ ጥያቄ አንዱን መርጣለች፦ ሜሪላንድ የምትሰጠው ሰማንያ፣ የመንግሥቱ ውል፣ ለሁሉም ጥንዶች መሰጠት አለበት ወይ? አለበት ብላለች። ማስረጃዋን ከራሷ ስቴት ነው የቆፈረችው። ሜሪላንድ በ2012 ያወጣችው ሕግ ስሙ ላይ «ሲቪል ጋብቻ» ይላል፤ የእምነት አገልጋይ እምነቱ የማይፈቅደውን ጋብቻ እንዲፈጽም እንደማይገደድም ይደነግጋል። ያጸደቁት ዳኞች አይደሉም፤ 52 በመቶ መራጮች ናቸው። ስለዚህ የዳኛ ሮበርትስ ክርክር እዚህ ሜሪላንድ አይነካኝም ብላ ጽፋለች። ይህን ሳነብ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ኦበርገፌል የበረረው ወደዚህ ሕግ ነበር።

አራተኛው አንቀጽ የአባቷ ነው። «አንዳንዶች ጋብቻ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ስለሆነ መለወጥ የለበትም ይላሉ» ብላ ትጀምርና በሁለት ዓረፍተ ነገር ታፈርሰዋለች። ስታነበው አባቷ ከማዶ ሆኖ ያዳምጥ ነበር።

«ይሄ እኔ የምለው አይደለም» አላት።

«አንተ ምንድን ነው የምትለው?»

እጁን በናፕኪን ጠራርጎ እስክሪብቶውን ተቀበላት። «ጥንት ስለሆነ አላልኩም። ጥንት ብዙ መጥፎ ነገር ነበረ። እኔ የምለው ስለ ልጁ ነው። ትልልቆቹ ተስማሙ፣ ፈረሙ፣ ደስ አላቸው። ልጁን ማን ጠየቀው? እናትም አባትም እንዲኖረው ይፈልግ እንደሆነ ማን ጠየቀው?» እያለ ከአንቀጹ ጎን በአማርኛ ጻፈላት። የእጅ ጽሑፉ ጠባብና የተጋደመ ነው፤ እሷ አማርኛ የምታነበው እየተንተባተበች ነው።

«ይሄንን መመለስ ከባድ ነው አባዬ።»

«እኔ መልሺልኝ አላልኩሽም። ካነሳሽኝ አይቀር ግን በትክክል አንሺኝ።»

እሱ አሁንም አይስማማም፤ እሷም አቋሟን አልቀየረችም። ካሜራውን ሳትዘጋ አራተኛውን አንቀጽ ከነመልሱ አጠፋችውና የአባቷን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ወደ እንግሊዝኛ መገልበጥ ጀመረች። አንድ ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች፤ «ይሄ ምን ይላል?» አለችው። አባቷ ወንበሩን ይዞ ወደ እሷ ወዳለችበት የጠረጴዛው ወገን ዞረ።